በዛሮቹ እንቁላል ውስጥ የተደበቀው ጥበብ

የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት (ዛር) አሌክሳንደር ሦስተኛ እ.ኤ.አ. በ1885 ለባለቤታቸው ለእቴጌ ማሪያ ፌዮዶሮቭና የፋሲካ ስጦታ አድርገው አንድ ነጭ እንቁላል አበረከቱላቸው። ከውጭ ላየው ዶሮ የጣለችው ይመስላል። ሲከፈት የወርቅ አስኳል አለው፤ አስኳሉ ሲከፈት ዓይኖቿ ሩቢ የሆኑ የወርቅ ዶሮ ብቅ ትላለች። በዶሮዋም ሆድ ውስጥ ትንሽዬ የአልማዝ ዘውድና የሩቢ ጌጥ ነበሩ። እነዚህ ሁለቱ ጠፍተዋል፤ ዶሮዋ ግን ዛሬም አለች።

ስጦታው ልማድ ሆኖ ቀረ። ልጃቸው ኒኮላስ ሁለተኛ ሲነግሡ አንዱን ለእናታቸው፣ አንዱን ለባለቤታቸው እያሉ በዓመት ሁለት ማዘዝ ጀመሩ፤ ከጃፓን ጋር በተደረገው ጦርነት ምክንያት በ1904 እና በ1905 አልተሠራም። በጠቅላላው 50 እንቁላሎች ቤተ መንግሥት ገብተዋል።

ሁሉም የሚጠሩት በሴንት ፒተርስበርጉ የጌጣጌጥ ቤት ባለቤት በካርል ፋበርዤ ስም ነው። በእጃቸው ያነጠሯቸው ግን ሌሎች ናቸው፤ የእነሱም ስም አብሮ ሊነሣ ይገባዋል። ለ1897ቱ እንቁላል ጆርጅ ስታይን የተባለ ባለሙያ ንጉሡ ዘውድ ሊጭኑ ሲሄዱ የታየውን ሠረገላ አሳንሶ ሠራ። ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ሆኖም ጎማው ይዞራል፣ በሩ ይከፈታል፣ መርገጫው ይታጠፋል።

ከሁሉ የምትደንቀው አልማ ፒል ናት። ትውልዷ ከፊንላንድ አንጥረኞች ቤተሰብ ነው፤ ንድፍ በትምህርት ቤት አልተማረችም። በክረምት የመስኮት መስታወት ላይ የሚጋገረውን አመዳይ አይታ ለ1913 ፋሲካ የቀረበውን የክረምት እንቁላል ነደፈች። ቅርፊቱ እንደ ውኃ የጠራ ክሪስታል ነው፤ አመዳዩ በአልማዝና በፕላቲኒየም ተስሏል፤ መቀመጫው የሚቀልጥ በረዶ ይመስላል። ውስጡ በፕላቲኒየም ቅርጫት ነጫጭ የበልግ አበቦች አሉ፤ ቅጠላቸው ከአረንጓዴ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው። ዋጋው 24,600 ሩብል ነበር። አልማ ከሩሲያው አብዮት በኋላ በ1921 ወደ ፊንላንድ ተሻግራ በኩሳንኮስኪ ከተማ ለዓመታት የሥዕል መምህርት ሆነች።

በዚያ አብዮት ቦልሼቪኮች ሥልጣን ሲይዙ ፋበርዤ ከአገር ሸሽቶ በ1920 በስዊዘርላንድ ሞተ። አዲሱ መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ሲቸግረው ብዙዎቹን እንቁላሎች ለባዕድ ሸጠ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የ1887ቱን እንቁላል አንድ አሜሪካዊ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ አቅልጦ በወርቅነቱ ሊያተርፍበት ወደ 14,000 ዶላር ከፍሎ ገዛው። ወርቅ ገዢዎች ግን ያን ያህል አያወጣም እያሉ መለሱት፤ እንቁላሉን ከእሳት ያተረፈውም ይኸው ነው። ሰውየው ውስጡ ባለው ሰዓት ላይ የተጻፈውን ስም ይዞ ኢንተርኔት ላይ ሲያፈላልግ በእጁ ያለው የዛሮቹ ንብረት መሆኑን ደረሰበት፤ ዜናው በ2014 ለዓለም ተሰማ። ሌሎች ጥቂት የዛሮቹ እንቁላሎች ግን እስካሁን አልተገኙም።