ብሩስ፦ ርስትን የተከተለ ስም

«ብሩስ» ሲባል እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ይታወሰናል። ስሙ ግን መነሻው ፈረንሳይ ነው፤ «ደ ብሩስ» ማለት በኖርማንዲ የምትገኘው የብሪክስ መንደር ሰው ማለት ነበር። በ1124 ገደማ የስኮትላንዱ ንጉሥ ቀዳማዊ ዴቪድ አናንዴል የተባለውን አገር ለሮበርት ደ ብሩስ በጉልትነት ሰጠው፤ ከዘሮቹም አንዱ በ1306 የስኮትላንድን ዘውድ ጫነ።

ይሁን እንጂ ስሙ ብቻውን የአባት ሐረግን አያስረዳም። የተጓዡ አያት ዴቪድ ሄይ ይባሉ ነበር፤ የኪኔርድን ርስት ወራሽ ሄለን ብሩስን ሲያገቡ ስማቸውን ለውጠው ብሩስ ተባሉ። ስምና ርስት አብረው ተላለፉ።

በጎንደር ግን ርስት በአባትም በእናትም ሐረግ ይወረስ ነበር እንጂ የቤተሰብ ስም አይጠይቅም። ስለዚህ የታሪክ ተመራማሪ የቤተሰብን ስም ሲያገኝ «የማን ልጅ ነው?» ብቻ ሳይሆን «የየትኛው ርስት ወራሽ ነው?» ብሎም መጠየቅ ይገባዋል። ጄምስም በጎንደር የተጠራው በመጀመሪያ ስሙ፣ «ያዕቆብ» ተብሎ ነው።