ገጣሚው ሞልቶ የዜማው ሰው ሲጎድል

በ1864 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ካይሮ ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት ልዕልት በጣሊያንኛ እየዘፈነች ከነሕይወቷ መቃብር ገባች። አይዳ ናት። ዜማውን የደረሰላት ጁሴፔ ቬርዲ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ከእሱ ጀርባ ግን ብዙ እጅ ነበር። የታሪኩን ረቂቅ ያሰናዳው የጥንታዊት ግብፅን ቅርስ ሲቆፍር የኖረው ፈረንሳዊ ኦጉስት ማሪየት ነው። ካሚል ዱ ሎክል በፈረንሳይኛ አበጀው፤ አንቶኒዮ ጊዝላንዞኒ ወደ ጣሊያንኛ ግጥም መለሰው። አልባሳቱና የመድረኩ ሥዕል ፓሪስ ውስጥ ሲሠራ ፕሩሲያ ከተማይቱን ከበበች፤ ዕቃው እዚያው ታግቶ ቀረ፤ ትርኢቱም ዘገየ።

ኦፔራውን ያዘዘው ኬዲቭ እስማኤል ከአራት ዓመት በኋላ የመድረኩን ጦርነት በእውነት ሊሞክረው ሠራዊቱን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ ከአፄ ዮሐንስ አራተኛ ጋር ገጥሞ ሁለቴ ተሸነፈ። በኦፔራው ድል የሚያደርጉት ግብፆች ናቸው፤ ቬርዲ ውጤቱን ከጦር ሜዳ አልጠየቀም።

ከእነዚህ ሁሉ አዘጋጆች መካከል አንድም ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ያ አይገርምም። የሚያነጋግረው የራሳችን ቤት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ተውኔትና ሙዚቃን በአንድ መድረክ ያገናኙት እነማን ናቸው? ደራሲዎቹን እናስታውሳለን፤ ዘፋኞቹንማ ማን ይረሳል! በሁለቱ መካከል ቆሞ ቃልን ከዜማ ያሰረው ሰው ግን በታሪካችን ገጽ ላይ ቀጭን መስመር ብቻ ነው የተሰጠው። ፍለጋው ከአራዳ ይጀምርና መርካቶ ያደርሰናል።

የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ሙዚቃ አልነበረውም ማለት ይቻላል። በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ከላ ፎንቴን ተረቶች መንፈስ ቀድተው በቴራስ ሆቴል ለመኳንንቱ አሳዩ። አውሬዎቹ የተናገሩት ስለ ሹማምንት ጉቦና ስለ አስተዳደሩ ብልሹነት ነበርና ንግሥት ዘውዲቱ ቴአትርን ከለከሉ። መድረክ ዳግም የተነሣው በተፈሪ መኮንን ዘውድ ጊዜ ነው፤ ሲነሣም እየዘመረ ተነሣ።

ያን ያደረገው ከጎጃም ደብረ ኤልያስ የመጣ የቅኔ ሰው ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ አዲስ አበባ ገብቶ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በኋላም በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ተማሪዎቹን መድረክ ላይ አወጣ። ተውኔቶቹን ዛሬ ለሚያነብ ሰው ንግግራቸው ረጅም፣ ምክራቸው ብዙ ነው። በዘመናቸው ግን በልብ የሚነበቡ አልነበሩም፤ በግጥም ይዜማሉ፣ በመዝሙር ይታጀባሉ። ዮፍታሔ ቃሉን ሲጽፍ ዜማው አብሮት ይሰማው እንደነበር መገመት ከባድ አይደለም፤ ከግዕዝ፣ ከዕዝልና ከአራራይ መካከል ያደገ ሰው ያለ ዜማ ግጥም አያውቅም።

ጓደኛው ደግሞ ከሌላ ዓለም የመጣ ነው። ኬቮርክ ናልባንዲያን በአይንታብ የተወለደ፣ ከአርመኖች እልቂት የተረፈ የሙዚቃ መምህር ነበር። አልጋ ወራሽ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ባንድ ሲጫወት ሰምተው አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ኬቮርክ የእነዚህ «አርባ ልጆች» የሙዚቃ መሪ ሆኖ መጣ። ደብረ ኤልያስና አይንታብ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ። ኬቮርክ ዜማውን፣ ዮፍታሔ ግጥሙን አዋጥተው የሠሩት ብሔራዊ መዝሙር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ተዘመረ፤ እስከ አብዮቱም የአገሪቱ መዝሙር ሆኖ ዘለቀ። በተውኔቶቹም ላይ አብረው ሠርተዋል።

በእኔ ግምት ከዚህ ጥንድ የተሻለ የሙዚቃዊ ተውኔት ጥምረት አዲስ አበባ ዳግም አላገኘችም። አንዱ ለሌላው አጃቢ አልነበረም። ማርሽ ባንድ የለመደ ጆሮ የአማርኛ ግጥም የት ላይ እንደሚያርፍ መማር ነበረበት፤ ቅኔ የለመደ ብዕርም በአራት ምት የሚራመድ ዜማ ውስጥ ቃሉን መቁረጥ ነበረበት። እንዲህ ያለ መደራደር ዓመታት ይፈልጋል፤ ጦርነቱ ግን ዓመታቱን አልሰጣቸውም። ጣሊያን ሲገባ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደደ። ከነፃነት በኋላ ቢመለስም ብዙ አልቆየም፤ በ1939 ዓ.ም. አረፈ።

ከወረራው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1927 ዓ.ም.፣ መኰንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። ዓላማው ሕዝቡን ለመጪው ጦርነት ማነሣሣት ነበር፤ ንግግሩና ዘፈኑ በምኒልክ አደባባይ ለተሰበሰበው ሰው ይቀርብ ነበር። ቦታው የአራዳ ገበያ አጠገብ መሆኑን ልብ ይሏል። ቴአትራችን ገበያ ዳር ነው የተወለደው። ጣሊያኖች ከተማዋን በዘር ሲከፍሉ ያገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት፤ ዛሬ አዲስ ከተማ የምንለው ሠፈርና መርካቶ በዚያ መሠረት ላይ አደገ። ገበያው ሲሄድ ቴአትሩ አራዳ ቀረ። ገበያተኛው ደጅ ድረስ የራሱ ቴአትር እስኪመጣለት ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠበቀ።

ሀገር ፍቅር ከነፃነት በኋላ ሲከፈት ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና የየክፍለ ሀገሩን ጭፈራ መድረክ ላይ አወጣ። እዮኤል ዮሐንስና ማቴዎስ በቀለን የመሳሰሉ ደራስያን ተውኔቱን ይጽፋሉ፤ እዮኤል ዘፈንም ይደርስ ነበር። ጥላሁን ገሠሠ ገና በልጅነቱ የገባበት ቤት ይኸው ነው። እዚህ ቤት የበዛው ነገር ጉልበት ነው፤ ሥርዓት ያለው የሙዚቃ ድርሰት ግን ገና ነበር።

ያን ይዞ የመጣው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የኋላው ብሔራዊ ቴአትር፣ ነው። ጣሊያኖች ጀምረው የተዉትን ሕንጻ ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት ጨረሰው፤ በጥቅምት 1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ ተመረቀ። የመክፈቻው ተውኔት የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። የቤቱ የመጀመሪያ ኃላፊ ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዙልቬከር ነው። ሙዚቃውን ለረጅም ዓመታት የተሸከመው ግን ሌላ ናልባንዲያን ነው፤ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ።

ነርሲስ በ1907 ዓ.ም. ገደማ በዚያው በአይንታብ ተወልዶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አዲስ አበባ ገባ። የዘማሪ ቡድን አሠለጠነ፤ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ አቋቋመ፤ በቴአትር ቤቱም ለትላልቅ ኦርኬስትራ ጻፈ። በኢትዮጵያ ቅኝቶች ላይ ሆኖ የነፋስ መሣሪያዎችን እንዴት እርስ በእርስ እንደሚያነጋግሩ ያሳየ ሰው ነው። የኋላው የአዲስ አበባ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን በእሱ እጅ ካለፉ ተጫዋቾች ብዙ ወስዷል።

ታዲያ ገጣሚና አቀናባሪ በአንድ ጣራ ሥር ከገቡ ኦፔራ ለምን አልተወለደም? መልሱን እኔ የማገኘው በቴአትር ቤቶቹ የሥራ ክፍፍል ውስጥ ነው። የቴአትር ክፍል አለ፤ የሙዚቃ ክፍል አለ፤ እሱም ዘመናዊና ባህላዊ ተብሎ ይከፈላል። ዘፈኑ የሚገባው ገቢር አልቆ መጋረጃ ሲወርድ፣ ከኋላ የመድረክ ዕቃ ሲቀያየር፣ ወይም ከተውኔቱ በፊት ለማሟሟቂያ ነው። ተመልካቹ በአንድ ትኬት ሁለቱንም አግኝቶ ተደስቶ ይሄዳል። ነገር ግን ዘፈኑ ከታሪኩ ጎን እንጂ ውስጡ አልነበረም፤ ገፀ ባሕሪው ሲያዝን የሚያዜምለት ሌላ ሰው፣ በሌላ ልብስ፣ ስለ ሌላ ፍቅር ነው። በኋላ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የዩኒቨርሲቲው የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲቋቋሙም ክፍፍሉ ወደ ትምህርት ቤት ተዛወረ፤ አንዱ ኖታ ያስተምራል፣ ሌላው ትወና።

ከዚህ ክፍፍል ውጪ የሆነ አንድ ሙከራ አለ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ፣ ቀደም ሲል ለአሜሪካዊቷ የዳንስ ሰው ለማርታ ግራሃም «ክሊተምኔስትራ»ን በሙዚቃ የደረሰው፣ በዩኒቨርሲቲው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ከየአካባቢው የመጡ ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና ከበሮ ቀድሞ አብረው ተጫውተው በማያውቁበት መንገድ ተቀመጡ። በኋላ ቡድኑን የመራው ተስፋዬ ለማ ይህን ሥራ ዕድሜ ልኩን ይዞት ኖረ።

መርካቶ የራሷን ቴአትር ያገኘችው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ሲኒማ ራስ በ1971 ዓ.ም. ራስ ቴአትር ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሀገር ፍቅር፣ ከብሔራዊና ከማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ጋር አራተኛው መሆኑ ነው። ሌሎቹ ቤቶች ተመልካቻቸውን በከፊል ከቤተ መንግሥትና ከቢሮ ወርሰዋል፤ ራስ የወረሰው ከሲኒማ ነው። የመርካቶ ሲኒማ ተመልካች ደግሞ የህንድ ፊልም ያሳደገው ነው። ይህን ነጥብ የቴአትር ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ቸል ይሉታል። የህንድ ፊልም ለሸማኔውም ለተሸካሚውም ለባለ ሱቁም ያስተማረው አንድ ነገር አለ፦ ታሪኩ ከረር ሲል ሰው ይዘፍናል፤ ሲዘፍንም ታሪኩ አይቆምም። በ1950 ዓ.ም. የወጣውን «ማዘር ኢንዲያ»ን ብንወስድ መህቡብ ካን አዘጋጀው፤ ናውሻድ ዜማውን ሠራ፤ ሻኪል ባዳዩኒ ግጥሙን ጻፈ። ሦስቱም ስም ስክሪኑ ላይ ይነበባል። ህንድኛ የማይሰማው የመርካቶ ልጅ ዜማውን ይዞት ይወጣ ነበር። ሙዚቃዊ ተውኔት ምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው የሚያውቅ ተመልካች ቢኖር ይህ ነው።

ራስ ቴአትር የተከፈተበት ዘመን የኪነት ዘመን ነበር። በየቀበሌውና በየከፍተኛው ወጣቶች ተሰብስበው ዘፈን፣ ጭፈራ፣ አጭር ድራማና ግጥም በአንድ ዝግጅት ያቀርባሉ። ይዘቱ መፈክር የተጫነው ነውና ዛሬ ብዙ ሰው በፈገግታ ያልፈዋል። እኔ ግን አሠራሩን እወደዋለሁ። ያው ልጅ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ይተውናል፤ ግጥሙን የጻፈውም ከበሮ ሲመታ ይገኛል። ክፍፍል የለም። ኋላ በየቴአትር ቤቱ ስም ካተረፉት ባለሙያዎች ብዙዎቹ የወጡት ከእነዚህ ቡድኖች ነው።

መድረኩ ከሚታየው ውጪም መርካቶ የቴአትር ጓዳ ናት። ለባህል ልብስ ጥለት የሚፈልግ አሰናጅ ሸማ ተራ ይወርዳል፤ አሮጌ ፋኖስ፣ የዛገ ሣጥን ወይም ጠመንጃ የሚመስል ብረት ያስፈለገው ምናለሽ ተራ ይገባል። ሲከራከሩ ውለው ሲመለሱ የመድረክ ንድፍ የሚባለው ነገር ግማሹ አልቋል። ለእነዚህ ሰዎች ግን ፖስተር ላይ ቦታ የለም። ፖስተሩ ደራሲውን፣ አዘጋጁንና ተዋንያኑን ይጠራል፤ ሙዚቃ የሠራው ከታች በትንሽ ፊደል ከተገኘ ዕድለኛ ነው።

በርዕሱ «ገጣሚው ሞልቶ» ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአብዮቱ ማግስት የበርቶልት ብሬሽትን «እናት ኩራዥ» ወስዶ «እናት ዓለም ጠኑ» አድርጎ ሲመልሰው፣ የጀርመንኛው ሥራ በፓውል ዴሳው ዘፈኖች የታጠረ መሆኑን ያውቃል። አማርኛው ለዚያ የሚመጥን ኃይል ነበረው። ዴሳውን የሚያህል የራሳችን የመድረክ ዜማ ደራሲ ከጎኑ ቢቆም ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ ጸጋዬን ማሳነስ አይመስለኝም።

ኦፔራ በስሙ የተጠራው ጥረት የመጣው ከሩቅ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በነበረበት ጊዜ «የያሬድ ኦፔራ»ን ጀመረ፤ ከፊሉ በ2000 ዓ.ም. እዚያው ቀረበ። ከማኅሌታዊው ያሬድ መነሣቱ ተገቢ ነው፤ ዮፍታሔም ከዚያው ምንጭ ነበር የጠጣው። ልዩነቱ ሙላቱ ዜማውን ቀድሞ ይዞ መምጣቱ ነው።

አሮጌው የራስ ቴአትር ሕንጻ ፈርሷል፤ አዲሱ እስኪቆምም የመርካቶ ተመልካች ብዙ ዓመት ጠብቋል። ከፈረሰው ጋር ምን እንደጠፋ የምናውቀው በንጽጽር ነው። ነርሲስ ናልባንዲያን ሥራዎቹን በኖታ ጽፎ ስለተወ፣ ከሞተ ከአሥርት ዓመታት በኋላ የቦስተኑ አይዘር ኦርኬስትራ ከኢትዮጵያውያን ድምፃውያን ጋር ሆኖ ዳግም ተጫወተው፤ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ አልበምም ወጣ። የኪነት ልጆችና የራስ መድረክ ሙዚቀኞች የሠሩት ግን አብዛኛው በጆሮ የተያዘ ነው፤ ከሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ አሁን አርጅተዋል፣ ቴፕ መቅረጫ ይዞ የሚጠይቃቸውም ጥቂት ነው።