የሰባቱ ውሃዎች ጥያቄ

 

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በማስተምርበት መድረሳ አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ የአቡ ሹጃዕን ኪታብ ከመጀመሪያው ከፍተን ተቀምጠናል። ይህ ኪታብ በሻፊዒይ መዝሀብ ጀማሪ ደረሳ ከሚቀራቸው አጫጭር ኪታቦች አንዱ ሲሆን የሚጀምረው በጠሃራ ነው፤ ሰው ሊጸዳባቸው የሚፈቀዱትን ሰባት የውሃ ዓይነቶች ይቆጥራል። እኔም ሸኾቼ እንዳቀሩኝ ዐረብኛውን እያነበብኩ አማርኛውን ከሥር ከሥሩ አስከተልኩ፤ የዝናብ ውሃ፣ የባሕር ውሃ፣ የወንዝ ውሃ፣ የጉድጓድ ውሃ፣ የምንጭ ውሃ። ስድስተኛው ላይ «ሠልጅ» የሚለው ቃል መጣ፤ «የበረዶ ውሃ» አልኩ። ሰባተኛው ላይ «በረድ» የሚለው መጣ፤ እሱንም «የበረዶ ውሃ» ብዬ ላልፍ ስል ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አነሣ።

«ኡስታዝ፣ እንግዲያው ስድስት ናቸዋ!»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ የእኔ ሳቅ ግን መልስ የማጣት ሳቅ ነበር። ይህን ምዕራፍ ለስንት ልጅ እንዳቀራሁት ቁጥሩን አላስታውስም። አንድ ቃል ሁለት ጊዜ እየተናገርኩ ሰባት ስቆጥር እንደኖርኩ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ልብ አላልኩም።

እንደሚታወቀው በአማርኛችን ከሰማይ ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድበውም፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚወርደውም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚጋገረውም ሁሉም በረዶ ነው። ዐረቡ ግን ጥጥ መሳዩን «ሠልጅ»፣ ጠጠር መሳዩን «በረድ» ብሎ ለይቷቸዋል። የእኛ አገር ሰው ጥጥ መሳዩን ከሰሜን ተራሮች ጫፍና ከመሰል ቦታዎች በቀር ስለማያገኘው ሌላ ስም ሳያወጣለት ቀረ። ልጁን ለማስረዳት ብዬ «ሠልጅ ማለት እንደ ውርጭ ያለ ነው» አልኩት። ይህም ትክክል አልነበረም፤ ውርጭ ከሰማይ አይወርድም፣ ሌሊት ሣር ላይ ነው የሚያድረው። ከዚያም በላይ ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። ልጁ ውርጭ አይቶ አያውቅም። ቤቱ የሚነገረው የአኝዋ ቋንቋ ነው፤ አማርኛን የተማረው ከጎረቤትና ከትምህርት ቤት ነው። እኔ አንዱን የማያውቀውን ነገር በሌላ በማያውቀው ነገር እተረጉምለት ነበር።

የቃል ችግር ለዚህች ከተማ እንግዳ አይደለም። በግንቦት 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902) አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል አራተኛ አንቀጽ በባሮ ወንዝ ላይ፣ በኢታንግ አቅራቢያ፣ በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር የማይረዝም፣ በጠቅላላውም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተፈቀደ። ውሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። (የውጫሌው ውል 17ኛ አንቀጽ ከዚያ 13 ዓመት ቀደም ብሎ በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ተናግሮ ምን እንዳስከተለ ሁሉም ስለሚያውቀው አልመለስበትም።) በኋላ የተመረጠው ቦታ ኢታንግ ሳይሆን ከዚያ ወደ ላይ ያለው ጋምቤላ ሆነ። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም አቅጣጫ በእንፋሎት የሚሄዱ ጀልባዎች ጨውና ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ፤ ከደጋው የወረደውን ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሳሉ። ሱዳን በ1956 እ.ኤ.አ. ነፃ ስትወጣ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

ያን ጊዜ በዚህ ወደብ ግሪኩ፣ ሶርያዊው፣ ሱዳናዊው፣ ከደጋ የመጣው ኦሮሞና አማራ፣ የአገሩ ባለቤት አኝዋና ኑዌር ተገናኙ። የወንዙ ንግድ መግባቢያ የሱዳን ዐረብኛ ነበር። ለመግዛትና ለመሸጥ ደግሞ ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ጣት አለ፣ ሚዛን አለ፣ ዕቃው ራሱ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ገበያ ቃሎችንም ከአገር አገር ይዞ ይዞራል፤ ሱቅ፣ ሂሳብ፣ ወኪል፣ ወረቀት የምንላቸው ከዐረብኛ ጋር የምንጋራቸው አይደሉምን? ኒያ፣ አማና፣ ኢኽላስ ግን ጆንያ ውስጥ አይገቡም፤ በጣትም አይጠቆሙም። በገበያ ዐረብኛ ቡና መመዘን ይቻላል፤ ለአንድ ሰው «ሥራህ በኒያህ ነው» ብሎ እልቡ ማድረስ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን የሚያደርስ ቃል ሰሚው ከልጅነቱ ጀምሮ አፉ ውስጥ የነበረ ቃል መሆን አለበት።

ይህን ከሁሉ አስቀድመው ያሳዩን ነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው። ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሰሓቦች መካከል የኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ (ረ.ዐ.) ልጅ ኡሙ ኻሊድ እዚሁ አገር ተወልዳ ወደ መዲና የሄደች ትንሽ ልጅ ነበረች። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ እንደተነገረው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥለት ያለው ጥቁር ልብስ በእጃቸው ካለበሷት በኋላ ወደ ጥለቱ እያመለከቱ ማማሩን ሲነግሯት የተጠቀሙት ቃል «ሰናህ» የሚል ነበር። ሐዲሱም ይህ በሐበሻ ቋንቋ «ያማረ» ማለት መሆኑን ይገልጻል። «ሠናይ» የሚለውን ቃል የሚያውቅ የአገራችን ሰው ይህን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል! በዐረብኛ «ያማረ» የሚሉበት ቃል ጠፍቷቸው አይደለም። ልጅቷ የተወለደችበትን አገር ቃል መረጡላት።

በሲራ ኪታቦች ውስጥም የነጃሺ ቃላት ተጠብቀው እናገኛለን። ኢብኑ ሂሻም ባስተላለፉት ታሪክ ነጃሺ ለስደተኞቹ «በምድሬ ሹዩም ናችሁ» ማለቱ፣ ትርጉሙም «ደህንነታችሁ የተጠበቀ» እንደሆነ ተጽፏል። አንዳንዶች ቃሉን ከግዕዙ «ሥዩም» ጋር ያገናኙታል። ሥዩም ደግሞ «የተሾመ» ነው እንጂ በቀጥታ «ደህና የሆነ» አይደለም። እኔ በዚህ ላይ ሳስብ፣ ሰሚዎቹ የያዙት የመዝገበ ቃላቱን ትርጉም ሳይሆን በዚያች ሰዓት የተሰማቸውን ይመስለኛል። ከመካ ተባርሮ የመጣ ሰው ንጉሥ ፊት ቆሞ እንዲህ ሲባል የሚሰማው «ከእንግዲህ አትፍራ» የሚል ነው። እዚያው ታሪክ ውስጥ «ደብር» የሚለው ቃል በሐበሻ ቋንቋ ተራራ ማለት መሆኑም ተጠቅሷል። ይህኛው ከግዕዙ ጋር ሳይዛነፍ ይገጥማል።

ወደ አገራችን ዑለማእ ስንመለስ፣ ቂርኣት ያለ ትርጉም ሄዶ አያውቅም። ወሎ ውስጥ ሸኹ ዐረብኛውን አንድ ቃል ያነባሉ፣ አማርኛውን ያስከትላሉ፣ ደረሳው ይቀበላል። ከዚህም አልፈው በዐረብኛ ፊደል አማርኛ ጻፉ፤ ዐጀም የምንለው ይህ ነው። ሥራው ቀላል አልነበረም። ገ፣ ቸ፣ ጨ፣ ኘ በዐረብኛ ፊደል የሉም፤ የአማርኛው ሰባት አናባቢ ደግሞ በሦስት ሐረካ አይበቃም። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1936 ያረፉት ሸኽ ጦልሓ ኢብኑ ጃዕፈር የሃይማኖት ትምህርትን ላልተማረው ሰው በአማርኛ ግጥም በዐጀም ጽፈው አደረሱ። ግጥም የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ማንበብ የማይችል እናትና አባት በቃሉ ይይዘዋል። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ሸኽ በክሪ ሳጳሎ ለኦሮምኛ ድምፆች የሚበቃ ፊደል ባጡ ጊዜ በ1956 እ.ኤ.አ. ከራሳቸው አዲስ ፊደል እስከ መቅረጽ ደረሱ።

በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የደከሙበት የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ታትሞ ወጣ። በዚህ ሥራ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ዐረብኛው «ኢቃመቱ ሶላት» ይላል፤ ቃል በቃል ቢሄዱበት «ሶላትን ማቆም» ሊሆን ነው። በአማርኛ ደግሞ «ማቆም» መተውም ነውና አንባቢው የታዘዘውን ተቃራኒ ሊረዳ ይችል ነበር! ተርጓሚዎቹ ቃሉን ለቀው ሐሳቡን ያዙ፤ ሶላትን ደንቡን ጠብቆ መስገድ አደረጉት። ይህችን አንዲት ውሳኔ ለመወሰን ምን ያህል እንደተቀመጡባት እንጃ።

እኔ ይህን ሁሉ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ ወደ ጋምቤላ በሰፈራ ከመጡት መካከል ወላጆቼ ነበሩ፤ እኔ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነኝ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ እንደ ብዙው ሰፋሪ ወደ ወሎ ተመለስን፤ ሐርፍ የቆጠርኩትም ኪታብ የቀራሁትም እዚያው ነው። ነህው ያቀሩኝ ሸኽ ዓሚልና መዕሙልን ሲያስረዱን ወደ ማሳው ያመለክቱ ነበር። «ዓሚል በሬው ነው፣ መዕሙል ማረሻው ነው፤ በሬው ካልሳበ ማረሻው አይሄድም» ይሉን ነበር። ገበሬ ልጆች ነበርንና አንዴ በቃን።

ትልቅ ሆኜ ጋምቤላ ለማስተማር ስመለስ ይህንኑ ምሳሌ ይዤ መጣሁ። ልጆቹ ዐይን ዐይኔን አዩኝ። የአኝዋ ልጅ የሚያውቀው በእጅ መሣሪያ የሚቆፈር የወንዝ ዳር ማሳ ነው። የኑዌር ልጅ ከብትን ከእኔ በተሻለ ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን በስም የሚጠራ፣ የሚዘፈንለት፣ ለጥሎሽ የሚሰጥ ከብት እንጂ ቀንበር የተጫነበት አይደለም። አንዱማ «ለምን ያሠቃዩታል?» ብሎ ጠየቀኝና የነህው ትምህርቱ በዚያው ቀረ።

ከብዙ ቀን በኋላ ባሮ ዳር ቆሜ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ሳይ መልሱ መጣልኝ። በማግሥቱ «ዓሚል ቀዛፊው ነው» አልኳቸው። «ወዴት እንዳዞረ የታንኳዋ አፍንጫ ይናገራል፤ ዓሚሉም ምን እንደሠራ የቃሉ መጨረሻ ይናገራል። ረፍዕ ነው ነስብ ነው ብላችሁ የምታውቁት ጫፉን አይታችሁ ነው» አልኩ። ገባቸው። እንደ እውነቱ ከሆነ ከበሬው ይልቅ ይህኛው ለነገሩ ይቀርባል፤ ማረሻው ጫፉን አይለውጥምና። ሸኼ ቢሰሙኝ ይስቁ ነበር፤ አላህ ይዘንላቸው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ እዚሁ አስተዋልኩ። ዐረቡ ቋንቋን «ሊሳን» ይለዋል፤ ምላስ ነው። ኦሮሞው «አፋን»፣ ሶማሌው «አፍ» ይላል፤ ሁለቱም አፍ ናቸው። ኑዌሩ ቋንቋውን «ቶክ ናዝ» ሲል «ቶክ» ያው አፍ ነው። አኝዋውም እንደዚሁ የአኝዋ አፍ እያለ ነው የሚጠራው። እኛም «አፍ የፈታበት» እንላለን። ሙሳ (ዐ.ሰ.) ወደ ፊርዐውን በተላኩ ጊዜ ጌታቸውን የለመኑት የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታ ነበር፤ ንግግራቸው እንዲገባቸው።

ወደዚያ ልጅ ጥያቄ ልመለስ። በማግሥቱ ለስላሳ ከሚሸጥ ጎረቤት ሱቅ ሁለት ብርጭቆ ይዤ ሄድኩ። ባለሱቁ ከፍሪጁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ነጭ፣ ለስላሳ፣ በጣት ሲነኩት የሚፈረፈረውን በማንኪያ ፍቆ በአንደኛው ሞላልኝ። በሌላው ደግሞ ጠጣሩን ሰባብሮ ጨመረልኝ። እየሮጥኩ መድረሳ ደረስኩና ብርጭቆዎቹን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩ። «ይህኛው ሠልጅን ይመስላል፤ ያኛው በረድን ይመስላል። አማርኛ ለሁለቱም አንድ ስም ሰጣቸው እንጂ ሁለት ናቸው» አልኩ። በጋምቤላ ሙቀት ብዙ አልቆዩም፤ ልጆቹ እየነኳቸው ሳሉ ሁለቱም ውሃ ሆኑ። ለምን በውሃ ዝርዝር ውስጥ እንደተቆጠሩም ያለ እኔ ንግግር ታያቸው።

ያ ልጅ ግን አሁንም እጁን አነሣ። ባሮ ሞልቶ ከተመለሰ በኋላ ግቢያቸው ውስጥ ተኝቶ የሚቀረው ቀይ ውሃ ከሰባቱ የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ። አያቱ በዚያ ውዱእ ያደርጋሉ አለ። የወንዝ ውሃ ነው፣ በጭቃና ብዙ በመቆየት መልኩ ቢለወጥም ነጃሳ እስካልለወጠው ድረስ ይጸዱበታል አልኩት። ጥያቄው ከበረዶው ይልቅ ለዚህ አገር ሰው የሚያስፈልግ ነበር፤ እኔ ግን ለዓመታት በረዶውን ነበር የማስረዳው።

«ይህን ለአያቴ እነግራታለሁ» አለ። ሰባቱንም በራሳቸው ቋንቋ እንዲቆጥርልኝ ለመንኩት። በጣቱ እየቆጠረ አምስቱን በፍጥነት ወረዳቸው። ስድስተኛው ላይ ቆመ፤ ወደ ባዶዎቹ ብርጭቆዎች አየ፤ ከዚያ ረዘም ያለ ዐረፍተ ነገር ተናገረ። ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቀው «በባለሱቁ ፍሪጅ ግድግዳ ላይ የሚበቅለው ነጩ ውሃ አልኳት» አለኝ።