የገና ሜዳና የቦስተን መልበሻ ክፍል

በመንዝ ቀያ ገብርኤል፣ በዘመሮ አካባቢ ላደገ ሰው የጨዋታ ወቅት ማለት የገና ወቅት ነው። የገብሱ አዝመራ ሲነሣ እረኛው ቆልማማ ዱላውን ይዞ፣ በታጨደው ማሳ ላይ ሩር ሲመታ ይሰነብታል። የወቅቱ መደምደሚያ ግን የበዓሉ ዕለት ነው። ያን ቀን መንደር ከመንደር ይገጥማል። በቀድሞው ዘመንም ሎሌው ከጌታው ጋር እኩል ይሰለፍ ነበር፤ ዱላ ቢያርፍበት ወይም የስድብ ግጥም ቢወርድበት ጌታው አይቆጣም። ይህ ፈቃድ በልማድ የተገኘ እንጂ በውል የተጻፈ አልነበረምና፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አብሮ ይጠልቅ ነበር።

በ1956 ዓ.ም. ገና በዋለ በሳምንቱ፣ ጥር 5 ቀን፣ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ከዚህ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው ነገር ተፈጸመ። ጉዳዩ የቅርጫት ኳስ ቢሆንም፣ የሙያ ማኅበር አባል ለሆነ ሁሉ የሚነግረው አለ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ የባለሙያዎች የቅርጫት ኳስ ሊግ የተመሠረተው በ1946 ነው። በ1951 አንዳንድ የኮሌጅ ተጫዋቾች ገንዘብ እየተቀበሉ ውጤት ማዛባታቸው ስለ ተጋለጠ፣ ሕዝቡ በጨዋታው ላይ የነበረው እምነት ተናግቶ ነበር። ሊጉም የምሥራቁንና የምዕራቡን ምርጦች የሚያጋጥም ትርኢት አሰበ። የቦስተን ቡድን ባለቤት ዋልተር ብራውን ኪሳራ ቢደርስ ከራሳቸው ሊከፍሉ ቃል ገቡ። ማርች 2 ቀን 10,094 ተመልካች በተገኘበት ምሥራቁ 111 ለ94 አሸነፈ፤ ግጥሚያውም ዓመታዊ ልማድ ሆነ።

ተጫዋቾቹ ግን ጡረታ አልነበራቸውም። ማኅበራቸውን ቦብ ኩዚ በ1954 ቢያቋቁመውም፣ የቡድን ባለቤቶች ዕውቅና የሰጡት በ1957 ነው። የጡረታው ጥያቄም መልስ ሳያገኝ ቆየ። ዘጠኙ ቡድኖች እያንዳንዳቸው 80 ጨዋታ በሚያደርጉበት ወቅት ተጫዋቾቹ በየከተማው ተበታትነው ስለሚሰነብቱ፣ በአንድ ድምፅ መናገር ይከብዳቸው ነበር። ስመ ጥሮቹ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰበሰቡት በኮከቦቹ ቀን ነበር።

በ1964ቱ ዕለት ቦስተን በበረዶ ተመትታለች፤ ግጥሚያውም በምሽት ለመላው አገር በቴሌቪዥን ሊተላለፍ ተዘጋጅቷል። በዚያን ጊዜ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ቶም ሃይንሶንና ጓደኞቹ፣ «የጡረታ ቃል ካልተሰጠን አንወጣም» በማለት በመልበሻው ክፍል ቀሩ። ከመካከላቸው ቢል ራስል፣ ዊልት ቻምበርሌን፣ ጄሪ ዌስት፣ ኤልጂን ቤይለርና ኦስካር ሮበርትሰን ይገኙ ነበር። ከባለቤቶች አንዱ ተጫዋቾቹ እንዲወጡ በብርቱ ቃል መልእክት ቢልክ እልኸኛነታቸውን አባሰው። በመጨረሻ የሊጉ ኃላፊ ዋልተር ኬነዲ ቃላቸውን ሰጡ። ጨዋታው ጥቂት ዘግይቶ ተጀመረ፤ ምሥራቁም 111 ለ107 ሲረታ፣ 26 ነጥብ ያስቈጠረው ሮበርትሰን የዕለቱ ምርጥ ተባለ። ይኸው ሰው በኋላ ማኅበሩን መራ፤ በስሙ በ1970 የተከፈተው ክስ በ1976 በስምምነት ሲያልቅም፣ የተጫዋቾች ቡድን የመምረጥ መብት ሰፋ።

የገናው ሎሌ የአንድ ቀን እኩልነቱን ማታ ይመልስ ነበር፤ የቦስተኖቹ ግን የአንዱን ቀን ዕድል ለዘለቄታው አዋሉት። ከሁሉ የሚደንቀው፣ በሩን ዘግተው የተቀመጡት ስመ ጥሮቹ መሆናቸው ነው። ጡረታው አብልጦ የሚያስፈልገው ግን በዚያ ክፍል ላልነበረው፣ ስሙ ላልገነነው ባልደረባቸው ነበር።