የጥንት ግብፃውያንን ኑሮና እምነት በደሴና በኮምቦልቻ ስለ ማስተማር

መግቢያ

የጥንት ግብፅ ታሪክ በትምህርት ቤቶች ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ በፒራሚዶችና በፈርዖኖች ስም ዝርዝር ይጀመራል፤ በዚያውም ያበቃል። ተማሪው የሸመደደውን ፈተናው ሲያልፍ ይረሳዋል። ጉዳቱ ይህ ብቻ ቢሆን ቀላል በሆነ ነበር። ዳሩ ግን ዓባይ መከራከሪያ በሆነበት በዚህ ዘመን ሕፃኑ የግብፅን ስም አስቀድሞ የሚሰማው ከክርክሩ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ልጁን ሳያውቁ ከመፍረድ የሚጠብቀው መሆን ይገባዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በደሴና በኮምቦልቻ ትምህርቱ ከአካባቢው ተነሥቶ እንዴት ሊሰጥ እንደሚችል ማመልከት ነው።

ከውሃው መነሣት

በኮምቦልቻ በኩል የሚወርደው ቦርከና ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ይቀራል። ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከኩታበር አጠገብ የሚነሣው በሽሎ ግን ከዓባይ ይቀላቀላል። እንግዲህ በአንድ ቀን በዚህ ደጋ ከሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ ወደ በረሃ፣ ከፊሉ ወደ ግብፅ ይሄዳል ማለት ነው። መምህሩ ይህን በሰሌዳ ላይ ቢስል ትምህርቱ ተጀመረ።

አስዋን ይደርስ ከነበረው የዓባይ ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ መሆኑ ይታወቃል። የክረምቱ ዝናብ አፈር ተሸክሞ በመውረድ የግብፅን እርሻ ያጥለቀልቅ ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ ገበሬው በቀረው ጥቁር ደለል ላይ ይዘራል። ታላቁ የአስዋን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ተሠርቶ ካለቀ ወዲህ ይህ ዓመታዊ ጎርፍ ቀርቷል። የጥንቶቹ ግብፃውያን ዓመቱን በጎርፍ፣ በዘርና በመከር በ3 ወቅቶች ከፍለውት ነበር። ወሮቻቸው እያንዳንዳቸው 30 ቀን የነበሯቸው 12 ሲሆኑ፣ በመጨረሻ 5 ቀን ይጨመር ነበር። ይህ አቈጣጠር በግብፅ ክርስቲያኖች በኩል እኛ ዘንድ ስለ ደረሰ፣ ጳጉሜንን የሚቈጥር ልጅ የዚያ ቅርስ ተካፋይ ነው።

የዕለት ኑሮ

ግብፃዊው ገበሬ በበሬ ያርስ፣ በጭቃ ጡብ ቤት ይኖር፣ እንጀራውንና ጠላውን ከገብስና በአገራችን አጃ ከሚባለው የስንዴ ዘር ያዘጋጅ ነበር። እነዚህን የወሎ ልጅ ያለ ሥዕል ይረዳቸዋል። ልዩነቱም እንደ ተመሳሳይነቱ ያስተምራል። ለምሳሌ ተልባን እኛ የምንዘራው ለፍሬው ሲሆን፣ እነርሱ ከግንዱ ክር እየፈተሉ ልብስ ይሠሩ ነበር። ተማሪው «እኛስ ለምን አላደረግነውም?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መምህሩ ጥጥን አስታውሶ ውይይት ይክፈት።

ስለ ራብ ግን በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1157 ገደማ፣ በ3ኛው ራምሴስ 29ኛ ዓመተ መንግሥት፣ የነገሥታትን መቃብር የሚሠሩ ሰዎች ቀለባቸው ስለ ዘገየ ሥራ አቁመው ከቤተ መቅደስ አጠገብ ተቀመጡ። መራባቸውን መናገራቸው በፓፒረስ ተጽፎ ይገኛል። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ድርቅ ባለፈበት አገር ይህ ታሪክ ማብራሪያ አያሻውም። ልጆቹ አያቶቻቸውን እንዲጠይቁ ማድረግ ይቻላል፤ ሐዘን ያለበትን ቤት ግን ማስገደድ አይገባም።

እምነትን ስለ ማስተማር

አስቸጋሪው ክፍል ይህ ነው። በአንድ ወንበር የሚቀመጡት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ልጅ ፈርዖንን የሚያውቁት ከየሃይማኖታቸው ትምህርት ነው፤ ሁለቱም ግብፃውያንን «ጣዖት አምላኪዎች» ብለው ሊያልፏቸው ይችላሉ። መምህሩ ይህን መካድም፣ በዚህ ማቆምም የለበትም። የእርሱ ሥራ ሰዎቹ ምን እንዳመኑና ያ እምነት ከኑሯቸው ጋር እንዴት እንደ ተያያዘ ማስረዳት ነው። ጎርፉን የሚያመጣው ሃፒ የተባለው አምላክ ነው ይሉ ነበር፤ ግብፃዊው ያላየውን ዝናብ ግን የደሴ ልጅ በመስኮት ያየዋል። ከሞት በኋላም የሰው ልብ የእውነትና የፍትሕ ምልክት ከሆነው የማአት ላባ ጋር በሚዛን ይመዘናል ብለው ያምኑ ነበር። ልቡ በበደል የከበደ ይጠፋል። ልጆቹ ከዚህ የሚረዱት ሌላው ሕዝብም ስለ በደልና ስለ ፍርድ ያስብ እንደ ነበር ነው። ሙታንን በክብር መሸኘትም፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ተረዳድተው በሚቀብሩበት በወሎ ቅሬ ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። እምነቱ የተለየ ቢሆንም ለሟች ማዘን አንድ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተጠቀሰው ሁሉ አዲስ በጀት አይጠይቅም። ሰሌዳ፣ አንድ እፍኝ አጃ፣ አንድ ዘለላ ተልባና የቦርከናን ወራጅ ለማየት የግማሽ ቀን ጉዞ ይበቃል። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ለየአካባቢው መምህር የሚሆን አጭር መምሪያ በመጨመር ሊያግዙ ይገባል። ወንዙን የተካፈሉ ሕዝቦች ልጆች ነገ ስለ ውሃው መነጋገራቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ የሚያነጋግሩትን ሰው ቢያውቁት ይሻላል።