ቢጫዋ ገመድ መተማ ስትደርስ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ቦታው መተማ ዮሐንስ ነው፤ ጋላባት ከድልድዩ ማዶ ቁልጭ ብላ የምትታይበት። ዘመኑ 2000 ዓ.ም. ገደማ። የሰሊጥ አረም ሲደርስ ሳሉግ የሚባለው የቀን ሠራተኛ ከየደጋው ይጎርፋል፤ ማታ ማታ ቪዲዮ ቤቱ ሁሉ ጢም ይላል። ከነዚያ ቪዲዮ ቤቶች የአንዱ ባለቤት በሲዲ ማጫወቻ ነበር ፊልም የሚያሳየው። ማጫወቻው በአቧራ ምክንያት ፊልሙን መሀል ላይ እየገተረ ሲያስቸግረው ጊዜ ኮምፒውተር ገዛ። ሞኒተሩ ግን ሚጢጢ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ምኑን ያየዋል? ሆዷ የተነፋ ትልቅ ቲቪ ደግሞ ቤት ውስጥ አለች። «ለምን አላገናኛቸውም?» አለ።

ገመድ ገዛ። አንዱ ጫፍ ባለ 15 እግሩ የሞኒተር መሰኪያ፣ ሌላው ጫፍ ቢጫ የኤቪ መሰኪያ። ሰካና ቲቪዋን ኤቪ ላይ አደረጋት። ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? እየተገለባበጠ የሚሮጥ፣ የተቆራረጠ መስመር!

ቲቪ ጠጋኝ ሽማግሌ ዘንድ ሮጠ።

«ጋሼ፣ የተበላሸ ገመድ ሸጡልኝ።»

«ገመዱማ ምን ያድርግ ልጄ! ቲቪህ በሰከንድ 15,625 መስመር ነው የምትስለው። የሞኒተሩ ቀዳዳ የሚልከው ከ31 ሺህ በላይ ነው። ደግሞም ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን ለየብቻ ያወጣል፤ ቢጫዋ ብርሃኑንም ቀለሙንም በአንድ ሽቦ ደርባ ነው የምትሸከመው። ሽቦ አስተርጓሚ አይሆንም።»

ኮምፒውተሩን አዞሩት። የስክሪን ካርዱ ላይ አንዲት ክብ ቀዳዳ አገኙ፤ ኤስ-ቪዲዮ የሚሏት፣ ለቲቪ ብላ የተሠራች። ከካርዱ ጋር በመጣችው አጭር ቅጥያ አድርገው ወደ ቢጫዋ አዛወሩት። ምስል መጣ! ግን ጥቁርና ነጭ። ካርዱ የአሜሪካኑን ኤንቲኤስሲ እየላከ ነበር፤ ከጋላባት ማዶም ሆነ ከእኛ ወገን ያለው ቲቪ የሚያውቀው ፓል ነው። ሴቲንግ ገብተው ፓል ሲሉት ቀለሙ ቦግ አለ። ቤቱ አጨበጨበ።

ፊልሙ ሸጋ ነበር፤ ችግሩ የመጣው ፊልሙ ሲያልቅ ነው። የድሮ ቲቪ የምስሉን ጠርዝ ከፍሬሙ ኋላ ይደብቃል፤ ስለዚህ «ስታርት» የምትለዋ ቁልፍ ግማሿ የለችም። ቀጫጭኑ አግድም መስመር ደግሞ ይንቀጠቀጣል፤ ቲቪው አንዴ ጎዶሎ ቁጥሩን፣ አንዴ ሙሉ ቁጥሩን መስመር እያፈራረቀ ስለሚስል አንዷ መስመር በሰከንድ 25 ጊዜ ብቻ ነው የምትታደሰው። ባለቤቱ የሰሊጥ ሒሳቡን እዚያው ላይ ልሥራ ብሎ ሲከፍት ኩንታሉና ብሩ ተቀላቀለበት። እኔ እንደሆንኩ ቲቪዋን አልወቅስም። በ1976 እ.ኤ.አ. አፕልን የሠራው ቮዝኒያክም ኮምፒውተሩን ከቲቪ መሰል ስክሪን ጋር ሲያገናኝ በአንድ መስመር 40 ፊደል ብቻ ነበር የፈቀደለት። የኛ ሰው ግን መቶውን ሊያሰልፍባት ፈለገ። ኋላ ፊደሉን አተለቀና ተገላገለ።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። አዲሱ ሪሲቨርና ላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ ብቻ ይዞ ይመጣና ኤቪ ብቻ ያላት አሮጌ ቲቪ ጋ ይደርሳል። መሀል የምትገባው የክብሪት ቀፎ የምታክል መቀየሪያ ናት። እሷ ሽቦ ብቻ አይደለችም፤ ውስጧ ምስሉን መልሶ የሚሠራ ቺፕ አለ፣ ስለዚህ በዩኤስቢ መብራት ካላጠጧት ንቅንቅ አትልም። ጎኗ ላይ ፓልና ኤንቲኤስሲ የምትል ትንሽ ማንሸራተቻ አለች። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከመጣ ገመድ ልትለውጡ ሱቅ አትሂዱ፤ እሷን ወደ ፓል ግፏት።