ፖቴዝ 25 እና ሚሽካ ባቢቼፍ

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለችውን ባለተደራራቢ ክንፍ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ አሳረፈ። ከጋይንትና ከስማዳ ተነሥቶ በበቅሎ ሸዋ ለሚወርድ መንገደኛ ይህ እንደ ተአምር ነበር!

ከሩሲያዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለዱት ሚሽካ ባቢቼፍ እዚሁ አገር ሠልጥነው በ1923 ዓ.ም. መባቻ የአብራሪነት ፈቃድ አገኙ። ሌላው አብራሪ አስፋው አሊ ፈቃዱን በማግኘት በጥቂት ሳምንታት ቀድመዋቸዋል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወር የአየር ኃይሉ መሪ ባቢቼፍ ነበሩ። አውሮፕላኖቹ ጥቂት፣ ለውጊያም የማይበቁ ነበሩና መልእክትና መድኃኒት አመላለሱ፤ ሰማዩን ጠላት በያዘበት ጊዜ ይህ ከውጊያ የማያንስ ጀግንነት ነው። ከነፃነት በኋላ በሞስኮ በዲፕሎማትነት አገለገሉ። በ1957 ዓ.ም. ሲያርፉ ሰው ጠፈር ከደረሰ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር።